ሦስተኛው ሽቦ

ጠባሴ ላይ ውርጩ ሳይለቅ ከመሬቱ፣
እትዬ አትጠገብ ደጄን ደበደበች፣ ጋሪ ከፊት ለፊቱ፤
በጋሪው ላይ በርሜል፣ ከማይዝግ ብረት፣
ዱሮ ወተት የተመላለሰበት።

«ቅደድልኝ» አለች፣ «ከሥሩ አራት ጣት ከፍ አርገህ፤
ሬዚስታንስ ክተትበት፣ ዋጋህን ትወስዳለህ።
አንድ ሸክም ባህር ዛፍ ስንት እንደገባ ሰምተሃል?
ጭሱስ? ይኸው ዐይኔ
ያንተን ፊት ከበርሜሉ መለየት ትቶታል።»

ያረቄ ቤት ሥራ አልነካም ብዬ ነበር፣
ከጋሽ ሽብሩ ቀብር ስመለስ፣ በዚያው በር።
እሱን ቆይቼ።

ትራፓኖው ጮኸ። የብረት ቅርፊቱ ተጠቅልሎ ሲረግፍ፣
ዙሪያውን በሊማ አለሰለስኩለት፣ ጣቴ ሳትቧጨር በላዩ እስክታልፍ።
የመጀመሪያው ጓርኒሲዮን ካላማዳሪ ነው፣ ካይሱዙ የወጣ፤
ውሃው ሲፈላበት ጎማው ላበውና ሽታው ቤቱን ሞላ፣ ጠብታው ተከትሎ መጣ።
እትዬ አትጠገብ በጣቷ ቀምሳ ወደ ደጅ ተፋች፤
«ይሄን የጠጣ ሰው ጡሩምባ ነው የሚነፋ!» አለች።

ነጩን ጎሚኒ ገዛሁ፣ ሙቀት የሚችለውን፤
ጎሚኒው ከውስጥ፣ ራንዴላው ከውጭ፣ በላዩ ዳዶውን።
«ጠበቅ አርገው እንጂ!»
እኔ ግን ፈራሁት፤
ጎሚኒም እንደ ሰው ነው፣ ሲያስጨንቁት ያፈተልካል፤
በእጄ ከጠበቀ በኋላ በቁልፍ ሩብ ዙር ብቻ ጨመርኩለት።

በቀዝቃዛ ውሃ ሌሊቱን ሙሉ ደረቅ ሆኖ አደረ።
ሲሞቅ ግን አለቀሰ፤ አንዲት ዘለላ፣ ከዳዶው ሥር ጀመረ።
ብሬከሩን ጣልኩ። ብረቱ ገና ትኩስ ሳለ፣
በጨርቅ ይዤ ሌላ ሩብ ዙር። ከዚያ ዝም አለ።

የላዩ አፍ የሷ ነው፤ ክዳኑና ቱቦው የሚጋጠሙበት።
ሊጥ አድቦለቦለች፣ ባውራ ጣቷ መረገች፣ ዐይን አላስፈለጋት፤
«እንፋሎት ወሬ ነው፣ ስንጥቅ ካገኘ አያድርም» እያለች።
ድፍድፉ ሬዚስታንሱ ላይ ተኝቶ እንዳያርር፣
ከመሃል ወንፊት አኖረች።
ይሄን እኔ አልነገርኳትም።

አረንጓዴ ቢጫውን ሽቦ ሳወጣ ሰማች፣
«ሁለቱ አይበቃም? ይሄ ምን ይሠራል?» ብላ ጠየቀች።
«መሬት ነው» አልኳት።
«መሬትማ ከደጅ ሞልቷል።»

ጋሽ ሽብሩ ያላስተማረኝ ነገር የለም፣ ከዚህ በቀር።
«ሁለት ይበቃል» ይል ነበር።
እጁ በርሜል ላይ፣ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ፣
እኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ ካቻቪቴ አቀባይ።
መጀመሪያ የሚቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መሬት ያልሰጠነው ገመድ
እሱን ለመሬት ሰጠው።

ለአትጠገብ ይህን ሁሉ ነገርኳት? አላውቅም። ጥቂቱን ይሆናል።
ከጓሮዋ፣ ከጌሾው ጎን፣ ሁለት ክንድ ብረት በመዶሻ ወርዷል፤
ዙሪያውን ከሰልና ጨው። «በበጋ አፈሩ ሲደርቅ ሽቦው መሬት ያጣል፤
አንድ ጆግ ውሃ አጠጪው።»
«ብረት?»
«አዎ፣ ብረት። በየሳምንቱ።»

ማታ መብራት መጣ። ቱቦው ጫፍ ላይ አንድ ጠብታ
ተንጠልጥላ ቆየች፣ ለመውደቅ ያመነታች ይመስል፤
ወደቀች። አትጠገብ አዳመጠች እንጂ አላየችም።
መለኪያ ዘረጋችልኝ፤ አልጠጣም፣ ታውቃለች፣ አላስገደደችም።

ይኸው አሁን ጥር ነው፣ ንፋሱ አቧራ እየጠረገ።
ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት ስልኬ ይጮሃል፤
ሰላምታ የለም፣ እንደምን አደርክ የለም፤
«ሽብሩን አጠጥቼዋለሁ» ትላለች፣ ትዘጋለች።